ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ
ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ቤት የመንግሥታት መተባበር፤ ከአምባ መቅደላ ዘመን እስከ ዛሬ

«ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ» የሚለው የአባቶች ተረት ዳኛን ለማስተማር የተነገረ ቢመስልም፥ ቃሉ እንዳለ ቢያዝ ለአገር አስተዳዳሪ ሁሉ የሚበቃ ሕግ ነው። ውኃው ከጥሩ ያልተቀዳ እንደ ሆነ ሕፃኑ በተቅማጥ ይሞታል፤ ዐዋቂው በሆድ በሽታ ከሥራው ይቀራል፤ በሚታረስበት ወራት ሞፈርና ቀንበሩ ከጓዳ ይውላል። ስለዚህ የውኃ ነገር የሐኪም ብቻ ሳይሆን የእርሻም የአስተዳደርም ነገር ነው። ይህን ያልተረዳ ሹም ሥራውን ከሥሩ አልያዘውም ማለት ነው።

በደቡብ ወሎ ምዕራብ ያለው ደጋ፥ ከአምባ መቅደላ አንሥቶ በሳይንት በኩል እስከ ቦረናና እስከ መካነ ሰላም ድረስ፥ ከላዩ ሜዳ ከጐኑ ገደል የሆነ አገር ነው። በሽሎና ዐባይ ከገደሉ ሥር ይሄዳሉ። በሜዳው ላይ የሚኖረው ገበሬ ግን ወንዙን በዐይኑ እያየ ውኃውን ሊጠጣው አይችልም። የአገሩ ድንጋይ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። የክረምቱ ዝናም በድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ ወደ ታች ይወርድና ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ ዐፈር ሲያጋጥመው በገደሉ ጠርዝ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የሕዝቡም ሕይወት በነዚህ በትናንሽ ምንጮች ላይ የተመሠረተ ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች ቍልቍል ወርደው ይቀዳሉ፤ ዛሬ በእንስራ ፈንታ የተያዘው ጀሪካን ሃያ ሊትር ሲሞላ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ያንኑ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። ምንጩ ያልታጠረ እንደ ሆነ ደግሞ ያው ውኃ ከብት የረገጠው፥ ጐርፍም የሜዳውን ቈሻሻ ያወረደበት ነው። በዚህ ድካም የመጣ ውኃ በሽታ ይዞ ቢገባ ድካሙ ሁለት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል የዓለም መንግሥታት ብዙ ጊዜ ተማክረዋል፤ ብዙ ገንዘብም ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ጸንቶ የቆየው የትኛው ነው፥ ፈርሶ የቀረውስ የትኛው ነው ብሎ መመርመር ለየወረዳው ሹም እጅግ ይጠቅማል።

ጦር ያመጣው ጕድጓድ

በአምባ መቅደላ ታሪክ ውስጥ ስለ ውኃ የሚነገር፥ ብዙ ሰው ግን ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋና እስረኞቹን ሊያስፈታ እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ሲወርድ፥ 13 ሺህ ያህል ወታደር፥ ከወታደሩም የሚበልጥ ተከታይ፥ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር የጭነት እንስሳ ነበረው። በዙላ ዳርቻ ግን ለዚያ ሁሉ ሠራዊት የሚበቃ የሚጠጣ ውኃ አልነበረም። ስለዚህ በመርከቦቹ የእንፋሎት መኪና የባሕሩን ውኃ እያፈሉ፥ ጨውን እየለዩ፥ ለሠራዊቱ ያድሉ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ ብዙ በቅሎ በውኃ ጥም አለቀ።

ጦሩ ይዞት ከመጣው መሣሪያ አንዱ የብረት ቧንቧ ነበር። አሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር ኖርተን የተባለ ሰው በዚያው በ1867 የባለቤትነቱን መብት ያስመዘገበበት ነው። የቧንቧው ጫፍ እንደ ጦር የሾለ፥ ከሾለው በላይ ያለው ክፍል በትናንሽ ቀዳዳ የተበሳ ነው። ይህን በከባድ መዶሻ እየመቱ ወደ መሬት ይነዱታል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይቀጥሉበታል፤ ውኃ ሲያገኙም በላዩ ፓምፕ አስረው ይስባሉ። ከዘመቻው በኋላ ይህ መሣሪያ በአውሮፓ «የሐበሻ ጕድጓድ» ተባለ። በእንግሊዝና በጀርመን አገር እስከ ዛሬ ድረስ ለአትክልት ቦታ ውኃ የሚያወጡበት ቧንቧ በዚሁ ስም ይጠራል።

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ቀን ሞቱ። ጦሩ እስረኞቹን አስፈትቶ፥ ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ጭኖ፥ ወደ መጣበት ተመለሰ። ጕድጓዱም በስሙ የሐበሻ ሆነ እንጂ ጥቅሙ ለወሎ ገበሬ አልደረሰም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ መሣሪያ እንደ መሬቱ መመረጥ ያለበት መሆኑ ነው። ይህ ቧንቧ የሚረዳው መሬቱ አሸዋማ ወይም ለስላሳ፥ ውኃውም ቅርብ በሆነበት ስፍራ ነው፤ የመቅደላን ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ መብሳት አይቻልም። ሁለተኛው፥ ከሩቅ አገር የመጣ ጥበብ የአገሩ ሰው ካልተማረውና በእጁ ካልያዘው፥ ያመጣው ሰው ሲሄድ አብሮ የሚሄድ መሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ትምህርት ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፥ ለጦርነት ሳይሆን ለርዳታ በመጣው ሥራም ደግሞ ታይቷል።

መንግሥታት ስለ ውኃ የተማከሩት ምክር

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 1977 በአርጀንቲና አገር በማር ዴል ፕላታ ከተማ ስለ ውኃ ታላቅ ጉባኤ አደረገ። ከዚህም ጉባኤ በተነሣ አሳብ ከ1981 እስከ 1990 ያሉት ዐሥር ዓመታት ለመጠጥ ውኃና ለመጸዳጃ ሥራ ተለይተው ታወጁ። በዚያ ዘመን የታሰበው ሁሉ አልተፈጸመም፤ ነገር ግን ለገጠር ሰው የሚጠቅም አንድ መልካም ነገር ተገኝቶበታል፤ ይኸውም የእጅ ፓምፕ ነው።

ቀድሞ የነበሩት የእጅ ፓምፖች ብዙዎቹ ከባድ ነበሩ። ሲበላሹ ለማውጣት መኪናና የሠለጠነ ባለ ሙያ ከከተማ መምጣት ነበረበት፤ እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡ ወደ ኵሬው ይመለሳል። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በየአገሩ ያሉትን ፓምፖች አስመረመሩ። በዚህም ሥራ በማላዊና በኬንያ አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ ተዘጋጀ። ይህ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ካለው ጕድጓድ ውኃ ያወጣል። የሚያልቁት ዕቃዎቹ ቀላል ስለ ሆኑ የመንደር ሰው ጥቂት ከተማረ በጥቂት መፍቻ አውጥቶ ሊለውጣቸው ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፥ የአሠራሩ ንድፍ የማንም ኩባንያ የግል ሀብት እንዳይሆን መደረጉ ነው፤ ማንኛውም ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል። በኢትዮጵያም ገጠር በብዙ ስፍራ የሚታየው ይኸው ነው። የኖርተን ቧንቧ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ነበረ፤ አፍሪዴቭ ግን ለሁሉ የተተወ ነው። መተባበር ማለት ይህን የመሰለ ነው።

ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ማግኘት የሰው ልጅ መብት መሆኑን በውሳኔ አጸና። በ2015 ደግሞ እስከ 2030 ድረስ ይህ ለሁሉ እንዲዳረስ የዓለም መንግሥታት በአንድነት ቃል ገቡ። በማርች 2023 በኒው ዮርክ የተደረገው የውኃ ጉባኤ ከማር ዴል ፕላታ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የተጠራ የመጀመሪያው ነው፤ በመካከሉ 46 ዓመት ዐልፏል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በአንድነት በሚያወጡት ቍጥር፥ በ2022 በዓለም ላይ 2.2 ቢሊዮን ሰው ከቤቱ የሚደርስ ከብክለትም የተጠበቀ የመጠጥ ውኃ አልነበረውም፤ እንዲሁ በደኅና የተያዘ መጸዳጃ ያጣው ደግሞ 3.5 ቢሊዮን ነበረ። ጉባኤ ብቻውን ጕድጓድ እንደማይቈፍር ከዚህ ይታያል።

ኢትዮጵያ ግን በዚህ ዘመን ያገኘችው ፍሬ አይናቅም። በነዚሁ ሁለት ድርጅቶች ቍጥር እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ ሰው ከተሻሻለ የውኃ ተቋም የሚጠጣው 13 ብቻ ነበር፤ በ2015 ግን 57 ሆነ። በሜዳ ላይ የሚጸዳዳውም በ1990 ከመቶ 92 የነበረው በ2015 ወደ 29 ወረደ። ሆኖም መሥራት አንድ ነገር፥ ማቆየት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ በአገሩ ሁሉ የውኃ ተቋማት ሲቈጠሩ በገጠር ከተሠሩት ከአራቱ አንዱ ያህል ሥራ ያቆመ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ገንዘብ የወጣበት፥ ሪባን የተቈረጠለት፥ እናቶች እልል ያሉለት ውኃ፥ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ደርቆ ቀረ ማለት ነው።

በአማራ ክልል የተፈተነ ሥርዐት

የዚህን ክፉ ነገር መድኀኒት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአማራ ክልል ተፈትኖ የታወቀ አለ። የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በክልሉ የገጠር ውኃ ሥራን ሲረዳ ቆይቶ፥ በ2003 የአሠራሩን ሥርዐት ለወጠ። በአዲሱ ሥርዐት ውኃ የሚፈልግ መንደር ራሱ ይሰበሰባል፤ የውኃ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ለወረዳው ያመለክታል። ወረዳው መርምሮ ሲፈቅድ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም በኩል፥ ይኸውም በኋላ ፀደይ ባንክ በሆነው በኩል፥ በቀጥታ ለኮሚቴው ይደርሳል። ሲሚንቶውን የሚገዛ፥ ግንበኛውን የሚቀጥር፥ ሒሳቡን የሚያወራርድ ኮሚቴው ነው። ሕዝቡም ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፥ በጕልበቱ ይቈፍራል፥ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ያስቀምጣል። የወረዳው ድርሻ ማስተማር፥ መምከርና መቈጣጠር ነው።

ብዙዎች «ያልተማረ ገበሬ የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ይታመናል» ብለው ሠግተው ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ሥርዐት ከተሠሩት የውኃ ተቋማት ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የሚያገለግሉ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰው በእጁ የገዛውን ሲሚንቶ አያባክንም፤ ልጁ የቈፈረበትን ጕድጓድ ክፍት ትቶ አይሄድም። ያ ፕሮግራም በ2011 ሲፈጸም፥ ሥርዐቱ «በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት» ተብሎ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተላለፈ። የስዊድን መንግሥትም ከ1997 እስከ 2010 በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ዞኖች የገጠርን ልማት ሲረዳ ቆይቷል።

በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የውኃ፥ የጤና፥ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች እ.ኤ.አ. በ2012 የመግባቢያ ሰነድ ፈርመው በ2013 የአንድ ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራምን ጀመሩ። ቀድሞ እያንዳንዱ ረጂ በየራሱ ዕቅድና በየራሱ ሒሳብ ይሠራ ነበር፤ በዚህ ፕሮግራም ግን የዓለም ባንክ፥ የአፍሪካ ልማት ባንክ፥ የእንግሊዝ መንግሥትና ዩኒሴፍ ገንዘባቸውን በአንድ ቋት አደረጉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለገበሬ ብቻ ሳይሆን ለሚኒስቴርም እንደሚሆን በዚህ ታይቷል።

ነገር ግን የረጂ እጅ ሁልጊዜ የተዘረጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አቋርጦ ዩኤስኤይድን ሲዘጋ፥ በብዙ አገር የተጀመረ ሥራ በአንድ ጊዜ ቆመ። ከዚህ ቀን በኋላ «ረጂው ይጠግነዋል» ብሎ የሚጠብቅ ቀበሌ ለሕፃናቱ በሽታን እንዳዘጋጀ ይቈጠራል።

ስለ መጸዳጃ ቤት

ውኃው ቢጠራም መጸዳጃ ከሌለ ሥራው ግማሽ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ትራኮማ የሚባለው የዐይን በሽታ ነው። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጐዱት አገሮች አንዱ ሆኖ ኖሯል። በሽታው ሲደጋገም የዐይን ቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን እየቧጠጠ ያሳውራል። ከሕፃን ዐይን ወደ ሕፃን ዐይን ከሚያደርሱት አንዱ ዝንብ ነው። ይህም ዝንብ እንቍላሉን የሚጥለው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው፤ በጕድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ግን አይራባም። እንግዲህ መጸዳጃ መቈፈር ዐይንን ማዳን ነው።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር ማእከልና የላየንስ ክለቦች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በዚህ ሥራ ተባብረዋል፤ ፋይዘር የተባለው የመድኀኒት ኩባንያም ለበሽታው የሚሰጠውን መድኀኒት ያለ ዋጋ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በክልሉ 10 ሺህ መጸዳጃ ይሠራል ተብሎ ቢታሰብ፥ በዓመቱ የተሠራው ወደ 90 ሺህ ተጠጋ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፥ ሥራውን ይህን ያህል ያፋጠኑት ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ በቀን ወደ ሜዳ መውጣት ነውር ስለ ሆነባት ጨለማ እስኪወርድ ድረስ ስትጨነቅ ትውላለች፤ በጨለማም ስትወጣ አውሬና ክፉ ሰው ያሠጋታል። በጓሮ ያለ ጕድጓድ ከዚህ ሁሉ አሳረፋት። ሹማምንት ስለ መጸዳጃ ሲመክሩ ስለ በሽታ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ክብር ቢናገሩ ቶሎ ይሰማሉ።

ዕውቀት ሁልጊዜ ከባለጸጋ አገር ብቻ የሚመጣ አይደለም። መንደርተኛው ራሱ ተሰብስቦ፥ ሜዳውን ዞሮ አይቶ፥ «አንዳችን የአንዳችንን ዐይነ ምድር እየበላን ነው» ብሎ አፍሮ በገዛ ገንዘቡ መጸዳጃ እንዲቈፍር የሚያነሣሣው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በባንግላዴሽ የተጀመረ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። ይህን በየቤቱ ለማስተማር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታላቅ አገልግሎት ሰጥተዋል።

በየሹሙ እጅ ያለው ሥራ

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለውን መፈጸም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋት ነው።

አንደኛ፥ ስለ ምንጭ። ምንጭ ሲጐለብት ዐይኑ እስኪገኝ ድረስ ይቈፈር፤ በንጹሕ ድንጋይና ጠጠር ይሞላ፤ ከላዩ በሸክላ ጭቃ ይደፈን፤ በግንብ ተይዞ ውኃው በቧንቧ ይውጣ። ከበላዩ ጐርፍ የሚቀለብስ ቦይ ይቈፈር፤ ዙሪያው ይታጠር። የተረፈው ውኃ በቦይ ወርዶ ራቅ ባለ ስፍራ ለከብት ገንዳ ይሁን። ገበሬ ከብቱን ከምንጩ የሚያግደው ሌላ ማጠጫ ሲያገኝ ብቻ ነውና፥ ገንዳ ሳይሠሩ መከልከል ጠብ ማትረፍ ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ ምንጩ ራስ። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት በእርከን ይያዝ፤ የአገር ዛፍና ሣር ይልበስ። ባሕር ዛፍ ውኃ የሚመጥ ነውና ከምንጭ አጠገብ አይተከል። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ጫካ ለአውሬ መጠለያ ብቻ ሳይሆን የውኃም ጎተራ ነው፤ ጫካው ሲመነጠር ዝናሙ ጐርፍ ሆኖ ወደ ዐባይ ይሄዳል፤ ምንጩም በበጋ ይደርቃል።

ሦስተኛ፥ ስለ መጸዳጃ ስፍራ። ጕድጓዱ ከምንጭ ወይም ከውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውኃውም በታች በኩል ይሁን እንጂ በላይ በኩል አይሁን። ክዳን ይኑረው፤ በደጁም እጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፥ ሳሙና ከጠፋም ዐመድ ይቀመጥ።

አራተኛ፥ ስለ ኮሚቴው። ከኮሚቴው ውስጥ ሴቶች በቍጥር ብቻ ሳይሆን በሥልጣን ይኑሩ፤ ውኃ ሲታጣ መጀመሪያ የሚደክሙ እነርሱ ናቸውና ገንዘብ ያዥነት ለእነርሱ ቢሰጥ ይገባል። በየወሩ የሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ በደረሰኝ ይሰብሰብ፤ በባንክ ይቀመጥ፤ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ፤ ሒሳቡም በሕዝብ ፊት ይነበብ። ለፓምፑ የሚሆን መለዋወጫና መፍቻ በቀበሌው ይኑር፤ ሁለት ጠጋኞችም ይሠልጥኑ። በዋጋው እጅግ ርካሽ የሆነ አንድ ላስቲክ ጠፍቶ ፓምፕ ለወራት ሲቆም ማየት ለአስተዳዳሪው ታላቅ ነቀፋ ነው።

«ሕዝቡ ገንዘብ አያዋጣም» የሚል ሹም ቢኖር የወሎን ቅሬ ይመልከት። ቅሬ የሌለበት መንደር አይገኝም። ክርስቲያኑም እስላሙም በየቅሬው መዋጮውን ይከፍላል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሬሳም ሳይቀበር አይውልም። ሙታንን ለመቅበር ይህን ያህል የታመነ ሕዝብ ሕያዋን ሕፃናቱን ከመቃብር ለማዳን አይታመንም ማለት ስድብ ነው። የጐደለው የሕዝቡ ፈቃድ ሳይሆን የሚያስተባብረው ሹም ነው። ስለዚህ የቅሬው ዳኛ፥ ቄሱና ሼሁ በውኃው ጉባኤ ላይ አብረው ይቀመጡ፤ ጠበሉም ውዱእም የሚሆነው በንጹሕ ውኃ ነውና ቃላቸው አንድ ነው።

እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲመለሱ የአገሩን ስም በአንድ ቧንቧ ላይ አድርገው ሄዱ፤ ገበሬው ግን ወደ ገደሉ መውረዱን አልተወም። ዛሬ ከውጭ አገር የሚመጣው ጥበብና ገንዘብ በሰላምና በስምምነት የሚመጣ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ቢሆንም ውኃውን ለልጅ ልጅ የሚያቆየው የረጂው ስም በሰሌዳ መጻፉ ሳይሆን፥ መፍቻው፥ የሒሳቡ መዝገብና የአጥሩ ቍልፍ በመንደሩ ሰው እጅ መገኘቱ ነው። እያንዳንዱ የወረዳ ሹም ከሚመጣው ክረምት በፊት በግዛቱ ያሉትን ምንጮችና ፓምፖች አስቈጥሮ፥ የሚሠራውንና የቆመውን ለይቶ፥ የቆመበትን ምክንያት ከሥሩ መርምሮ ቢጽፍ፥ ያን ጊዜ ውኃውም ከጥሩ ይቀዳል።